ሴቲል አልኮል ያለበት ክሬም አሸዋ አሸዋ ሲል

ቤት ውስጥ ክሬም ለምትሠሩ ነው፤ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና የእጅ ብሌንደር አላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። አሁንም በሾርባ ማንኪያ የምትሰፍሩ ከሆነ መጀመሪያ ሚዛን ግዙ።

ደጋግሜ የማየው ችግር ይኸው ነው፦ ሴቲል አልኮል (ክሬም የሚያወፍር፣ ሰም የሚመስል ነጭ ነገር) ያለበት ክሬም ማታ ያምራል፣ ጠዋት ሲከፈት አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ፊት ላይ ይቆረቁራል። ሁሉም ሰው ወዲያው የሺያ ቅቤውን ይወነጅላል። ቆይ፣ መጀመሪያ ለዩ። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እሹ። ቀልጣ ቅባት ከሆነች ሺያ ናት፤ ክሬሙን አቅልጡና እያማሰላችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት። እንደ ሻማ ፍርፋሪ ሳትቀልጥ ተድጣ ከቀረች ግን ሴቲል ናት። ሴቲል የሚቀልጠው 49 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የጣት ሙቀት አይበቃውም።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዘይቱንና ሴቲሉን አሳምረው ያቀልጡና ውሃውን ከጠርሙሱ እንዳለ ይገለብጡበታል። ሴቲሉ ውሃው እንደነካው ይረጋል። ብሌንደር የረጋውን ያደቅቀዋል እንጂ አያቀልጠውም። ማታ ለስላሳ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ክሬም ሠርታ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ደንበኞች እየመለሱባት ተማርራ ነበር። የሺያ ነጋዴ ቀያየረች፣ ምንም ለውጥ የለም። እፊቴ ሥሪው አልኳት። የዘይቱ ዕቃ 74 ዲግሪ፣ የእሬቱ ውሃ ግን ገና ከፍሪጅ የወጣ! እሬቱ እንዳይበላሽ ብላ ነው። ትንሽ እሬት ለመጨረሻ አስቀርተን ቀሪውን በተራ ውሃ ተካንና አሞቅነው። በማግስቱ ክሬሙ ቅቤ ሆነ።

እናም ሁለቱንም ዕቃ አንድ ድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ሁለቱም 70–75 ሲደርሱ ቀላቅሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም ለዚህ ይተርፋል። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። እስኪቀዘቅዝ ማማሰል አታቋርጡ። እሬቱ፣ ሽቶውና ፕሪዘርቫቲቩ (ክሬሙ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው) ከ40 በታች ሲወርድ ይግቡ።

የተበላሸውም ይድናል፦ መዝኑት፣ 75 አድርሱት፣ በብሌንደር ምቱት፣ የተነነውን ውሃ በፈላ ውሃ ተኩ። የገባው ፕሪዘርቫቲቭ ሙቀት የማይችል ዓይነት ከሆነ ግን ጣሉት። ለሰው እንዳትሸጡት!

ውሃና ዘይቱ ከተለያየ ኢመልሲፋየር፣ ማለትም ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር፣ የለውም ማለት ነው። ሴቲል ያወፍራል፣ ያግዛል፤ ብቻውን ውሃና ዘይት አያስታርቅም። ያስታርቃል እያለ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ዕቃውን አያውቀውም። ኢመልሲፋይንግ ዋክስ ጨምሩ።

ሲቀባ ነጭ እየሆነ እምቢ ካለ ሴቲሉ በዝቷል፤ ወደ 2 ፐርሰንት አውርዱት።

በሁለተኛው ቀን ከጠጠረ ትኩስ ሳለ ቀጠነ ብላችሁ ሴቲል ጨምራችሁበታል። ውፍረቱ የሚታወቀው አድሮ ነው።

65 ዲግሪ ላይ ያልቀለጠ ሴቲል አይደለም። ስም በሌለው ፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ነጭ ነገር አትግዙ፤ ምን እንደሆነ ሻጩም አይነግራችሁም።

ከሻገተ ማሞቅ አያድነውም። ከነማሰሮው ጣሉት።