ሰርቨር ያላችሁ፣ አይፒቪ6 አስጀምሩ

አይፒቪ6 እጅግ ብዙ አድራሻ ያለው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ነው። የድሮው አይፒቪ4 ያለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ክምችት በፈረንጆቹ የካቲት 2011 ተሟጠጠ። ስለዚህ ብዙ የሞባይል ኩባንያዎች በርካታ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት ያወጣሉ። እናንተ አንድ አጥቂ ለማገድ ያንን አድራሻ ስትዘጉ፣ ምንም ያላጠፉ ሰዎችም አብረው ይዘጋባቸዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ሆስቲንጋችሁ (ሰርቨሩን የሚያከራያችሁ ድርጅት) አይፒቪ6 ከሰጣችሁ፣ ዲኤንኤስ (ስምን ከአድራሻ ጋር የሚያገናኘው ማውጫ) ላይ ኤኤኤኤ ሪከርድ፣ ማለትም የአይፒቪ6 አድራሻችሁን የሚይዘውን መዝገብ፣ ጨምሩ። የአይፒቪ4 አድራሻ የያዘው የድሮው ኤ ሪከርድ እንዳለ ይቆይ።

አደራ፣ ከዚያ በፊት ፋየርዎሉን (የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረውን አጥር) እዩ! ብዙ ሰርቨር ላይ የአይፒቪ6 ሕግ ለብቻው ነው የሚጻፈው። በአይፒቪ4 የቆለፋችሁት ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር) በአይፒቪ6 በኩል ወለል ብሎ ተከፍቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የድረ ገጹ ፖርት 443 ይከፈት፣ የዳታቤዙ ይዘጋ። ከዚያ በአይፒቪ6 ብቻ ከውጭ ገብታችሁ ሞክሩት።