ክብ ገንዳ፣ የአሸዋ ክምር፣ ጠማማ ግቢ፦ ልኬት የት ላይ ይበላሻል?

ርዝመት በወርድ ሲባዛ ካሬ፣ በከፍታ ሲደገም ኪዩብ እንደሚሆን ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ያንን የማያውቅ ሰው ደውሎልኝ አያውቅም። የሚደውሉልኝ ቀመሩን በቃላቸው የሚወጡት ናቸው።

ችግር፦ ክብ ገንዳው የተባለውን ያህል አልያዘም

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ የትም ብሄድ የሚገጥመኝ ይሄ ነው።

ጢጣ ላይ አንድ ሐጂ ለጣሪያ ውሃ ክብ የድንጋይ ገንዳ አስገነቡ። ግንበኛው ከውጭ ለካ። ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር፣ ከፍታው 2። «14 ሺህ ሊትር ይይዛል» አላቸው። በጋ ላይ ውሃ ሲጠፋ ሐጂ ሰባት ሰባት ሺህ ሊትር የጫኑ ሁለት ቦቴዎች አዘዙ። የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛው 600 ሊትር እንዳራገፈ ገንዳው ጢም አለ። ሹፌሩ «እኔ አምጥቻለሁ፣ ሒሳቤን» ብሎ በር ላይ ቆመ።

«ገንዳዬን ማን በላው?» አሉኝ በስልክ።

«አብሽሩ ሐጂ፣ ግድግዳው ነው የበላው።»

ግድግዳው 40 ሳንቲም ውፍረት አለው። በሁለቱም በኩል ሲቀነስ ውስጡ 2.20 ይቀራል። ግማሹ፣ ማለትም ራዲየሱ፣ 1.10 ነው። 1.10 × 1.10 × 3.14 × 2 ስታደርጉት 7.6 ሜትር ኪዩብ ይመጣል፤ 7,600 ሊትር። ውሃ የሚተኛው ውስጥ ነው፣ ሰው የሚለካው ግን ከውጭ።

የዚህ ስህተት ወንድም ደግሞ ዲያሜትርን እንደ ራዲየስ ማስገባት ነው። ቦሩ ሜዳ አንድ ልጅ ለክብ ቤት ወለል ኮንክሪት አሰላ። ዲያሜትር 4 ሜትር፣ ውፍረት 10 ሳንቲም። 4 በ4፣ በ3.14፣ በ0.10 አባዛና 5 ሜትር ኪዩብ አወጣ። ትክክለኛው 1.26 ነበር። ስነግረው «ለካ ግማሹን ነው የረሳሁት» ብሎ 5ን ለሁለት አካፈለ! አሁንም እጥፍ ነው። ራዲየስ በራሱ ስለሚባዛ እጥፍ ብታስገቡ መልሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትርፉ ሲሚንቶ ክረምት መጣበትና ከነጆንያው ድንጋይ ሆነ።

መፍትሄው፦ ከውስጥ ለኩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ። ግንበኛ ክብ ነው ያለው ሁሉ ክብ አይደለም። መግባት ካልተቻለ ሲባጎ በውጭ ዙሪያውን አዙሩ፣ ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ፣ የግድግዳውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንሱ፣ ከዚያ ለሁለት። ከፍታውን እስከ ጠርዙ ሳይሆን ትርፍ ውሃ እስከሚወጣበት ቱቦ ብቻ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተዘግቶ የከረመ ገንዳ ውስጥ ሜትር ይዛችሁ ብቻችሁን አትግቡ። አየር ላይኖረው ይችላል። ለአንድ ቁጥር ብሎ የሚሞት ሰው አልፈልግም።

ችግር፦ የተከመረው አሸዋ ከተከፈለበት አነሰ

ክምር ሾጣጣ ነው፤ የሥሩ ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ ለሦስት ይካፈላል። ዙሪያው 12.56 ሜትር ከሆነ ራዲየሱ 2 ነው። ቁመቱ 1.20 ከሆነ 5 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ለሦስት ያላካፈለ 15 ይላል። ቁመቱንም በተዳፋቱ ላይ ሜትር አስተኝታችሁ አትለኩ፤ ከጫፉ ላይ ዘንግ በውሃ ልክ አውጥታችሁ ወደ መሬት ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ቢያጆው ሳይራገፍ መኪናው ላይ መለካት ነው።

ችግር፦ ግቢው በወረቀት ሰፊ፣ ቤት ሲቀየስ ጠባብ

ፊትና ኋላን ደምሮ ለሁለት፣ ግራና ቀኝን ደምሮ ለሁለት፣ ከዚያ ማባዛት። ይህ ዘዴ ማዕዘኑ ቀጥ ካላለ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚሳሳት፣ አሳንሶ አይሳሳትም። ሻጭ የሚወደውም ለዚህ ነው። አራቱም ጎን 20 ሜትር ሆኖ አንዱ ሰያፍ (ከማዕዘን እስከ ፊት ለፊቱ ማዕዘን) 20 ከሆነ ግቢው 346 ካሬ ነው እንጂ 400 አይደለም። ሰያፉን ወጥሩ፣ ግቢውን ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጽ አድርጋችሁ ክፈሉት፣ እያንዳንዱን ለብቻ አስሉ።

ጦሳ ተራራ ሥር ከሆናችሁ ደግሞ ተዳፋቱ አለ። 7 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ 25 ሜትር መሬት አግድም 24 ብቻ ነው። በውሃ ልክ ደረጃ በደረጃ ለኩት።

ሌሎች

መልሱ መቶ እጥፍ ከሆነ፦ አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፣ 100 አይደለም።

ጋን ወይም ቅርጹ የማይታወቅ ዕቃ፦ ቀመር ተዉት። በ20 ሊትር ጀሪካን ቁጠሩት።

ሜትሩ ራሱ ከዋሸ፦ ርካሾቹ የጫፉ ብረት ይወልቃል። ጫፉ ትንሽ መንቀሳቀሱ ሆን ተብሎ ነው፤ የተጣመመውን ግን ጣሉት። አለዚያ ከ10 ሳንቲም ጀምሩና መጨረሻ ላይ 10 ቀንሱ። እኔ አንድ ጊዜ መቀነሱን ረስቼ የሳሎናችን በር 10 ሳንቲም ሰፍቶ ተሠርቶ መጣ። አሁን የዶሮ ቤት ይዘጋል።