የኮንሰርት ኦርጋኒስት እንዴት መሆን ይቻላል?

የማወራው ሰርግ ላይ ስለምናየው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አይደለም። በአውሮፓ ካቴድራሎች ውስጥ ስለሚቆመው ባለቧንቧ ኦርጋን ነው። ለንደን ያለው የሮያል አልበርት አዳራሽ ኦርጋን ብቻውን 9,999 ቧንቧዎች አሉት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ቤት አስገብቶ መለማመድ አይታሰብም። ስለዚህ ከጣት ልምምድ እኩል የሚያስጨንቀው የሚለማመዱበት ኦርጋን ማግኘት ነው። መንገዱ በየአገሩ ይለያያል። እኔ የእንግሊዙን እመርጣለሁ፤ ተማሪውን ገና በጠዋቱ ሥራ ላይ ያስቀምጠዋልና።

መጀመሪያ ፒያኖ። ኖታ አይቶ ወዲያው መጫወት የማይችል ሰው ኦርጋን ላይ ይቸገራል። ልጅ ከሆነ እግሩ መርገጫው ላይ እስኪደርስ ፒያኖው ላይ ቢቆይ ምንም አይቀርበትም።

ቀጥሎ የሰፈሩን ኦርጋኒስት አነጋግሩ። እሑድ አምልኮው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ "መሞከር እችላለሁ?" ማለት ይበቃል። ብዙዎቹ ተተኪ ስለሚፈልጉ ደስ ይላቸዋል። እንግሊዝ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከመዘምራን ጋር ኪቦርድ የሚጫወት ከሆነ ይህን በር ቢያንኳኳ ጥሩ ነው።

እግርን አስተምሩ። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ኦርጋን በእግር የሚጫወቱት ሌላ ኪቦርድ አለው፤ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 32 መርገጫዎች አሉት። ሶሉ ስስ ቆዳ የሆነ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ግዙ። ያ ጫማ ውጭ አይረገጥበትም፤ ጠጠር መርገጫውን ይፍቃል። እግራችሁን እያያችሁ አትለማመዱ። በጥቁሮቹ መርገጫዎች መካከል ያለውን ክፍተት በጫማው ጫፍ ዳስሳችሁ ቦታውን እወቁ። መጀመሪያ እግር ብቻ፣ ከዚያ ቀኝ እጅና እግር፣ ከዚያ ግራ እጅና እግር፣ በመጨረሻ ሁሉም። ግራ እጅ ፒያኖ ላይ ወፍራሙን ድምፅ መያዝ ስለለመደ እግርን ልከተል ይላል። ይህን ለማላቀቅ ጊዜ ይፈጃል፤ አትቸኩሉ።

ሌላም አለ። ኦርጋን ላይ ጣት ሲነሳ ድምፁ ወዲያው ይቆረጣል። ዜማው እንዳይበጣጠስ ኖታውን ሳይለቁ ጣት መቀየር ይለመዳል፤ ለምሳሌ በመሃል ጣት የተያዘውን ለትንሿ ጣት ማስረከብ።

ከዚያ ኦርጋን ስኮላር ለመሆን አመልክቱ። ብዙ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች ዲግሪውን እየተማረ የጸሎት ቤቱን መዘምራን የሚያጅብ ተማሪ ይቀበላሉ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ በየሳምንቱ አዲስ መዝሙር፣ ቶሎ ቶሎ የሚደርስ አገልግሎት፣ ስህተትን ወዲያው የሚሰማ መሪ። እንግሊዛዊቷ ኦርጋኒስት አና ላፕዉድ በኦክስፎርዱ ሞድሊን ኮሌጅ የመጀመሪያዋ ሴት ኦርጋን ስኮላር ነበረች። በ21 ዓመቷ ደግሞ የካምብሪጁ ፔምብሩክ ኮሌጅ የሙዚቃ ኃላፊ ሆነች።

ዲፕሎማና ውድድር ስም ያስተዋውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተው የእንግሊዝ የኦርጋኒስቶች ሮያል ኮሌጅ የሚሰጠው ፈተና ከተዘጋጁበት የሙዚቃ ሥራ ሌላ ያልታየ ኖታ መጫወትንና ዜማን ከፍ ወይም ዝቅ ወዳለ ሌላ ቁልፍ (መነሻ ድምፅ) ማዛወርን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዟ ሴንት አልባንስ ከተማ የተጀመረው የኦርጋን ውድድር ደግሞ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮንሰርቶች አብዛኛውን ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። ክፍያው ትንሽ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚሸፍነው ረዳት ኦርጋኒስትነት ወይም ማስተማር ነው። በኮንሰርት ብቻ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው።

ሁለት ኦርጋኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። ስለዚህ የምትጫወቱትን ሙዚቃ የምታውቁት ቢሆንም ኮንሰርቱ ቦታ ቀድማችሁ ድረሱ። የትኛው ስቶፕ (የትኞቹ ቧንቧዎች እንደሚሰሙ የሚመርጠው መሳቢያ) የት እንደሚሳብ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ጓደኛ እንዲጫወት አድርጋችሁ ወደ ወንበሮቹ ውረዱና ስሙ። ከመቀመጫችሁ ደስ የሚለው ድምፅ ታች ለሰሚው ጩኸት ሊሆን ይችላል። በትልቅ ካቴድራል ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመለስ፣ ጆሯችሁን ተከትላችሁ አትዘግዩ፤ ጣታችሁን እመኑ። ኮንሰርቱን ቅረጹ። ቅጂውን ለሌሎች ቤተ ክርስቲያናት ስትልኩ የቀጣዩን ዓመት ፕሮግራም ከመዝጋታቸው በፊት ይድረስ።