የደጋ ዛፍ ቆላ ሲወርድ፦ ቦንሳይ ይዘው ወደ ሞቃት ከተማ ሲዛወሩ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሲያትል ወደ ላስ ቬጋስ ስንዛወር የባለቤቴ ጭንቀት የልጆቹ ትምህርት ቤት ነበር። የእኔ ደግሞ በረንዳ ላይ የተደረደሩት አሥራ አራት ቦንሳዮች፤ በሳህን ውስጥ እየተከረከሙ ትንሽ ሆነው የሚያድጉ ዛፎች ማለት ነው። ከመጣን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ስድስቱ ሞቱብኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሙቀቱ ፈጃቸው» እያልኩ ከረምኩ። በኋላ አንድ በአንድ ስቆጥራቸው ግን በፀሐይ የሞተው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ እንዲያውም የሞተው በብርድ ነው፤ ያውም በረሃ ላይ! የቀሩት የእኔው እጅ ሥራ ናቸው። እርስዎም ዛፎችዎን ይዘው ወደ ቬጋስ፣ ወደ ፊኒክስ ወይም ወደ ዳላስ ሊወርዱ ከሆነ፣ እኔ የከፈልኩትን እንዳይከፍሉ እነሆ።

ሁሉንም ጭኖ መሄድ

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አሥር ዓመት በመቀስ ያሳደጉትን ዛፍ ለሰው መስጠት ያማል፤ አውቃለሁ። ግን አንዳንዱ ዛፍ ያለ ብርድ አይኖርም።

አገር ቤት የጨንቻን ፖም የማያውቅ የለም። ከጨንቻ ቁልቁል እስከ አርባ ምንጭ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ያንኑ ፖም ታች ወስደው ቢተክሉት ግን እንደ ላይኛው አይሆንልዎትም። ምክንያቱ አፈሩ ብቻ አይደለም። ቅጠሉን የሚያረግፍ የደጋ ዛፍ ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ብርድ ውስጥ ያሳለፈውን ሰዓት ስለሚቆጥርም ነው። ሂሳቡ ካልሞላ ቡቃያው እኩል አይፈነዳም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ይለመልማል፣ ሌላው ተኝቶ ይቀራል። ዛፉ ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ አንድ ዓመት ሊያታልልዎት ይችላል። የእኔ ላርች (በክረምት መርፌ ቅጠሉን የሚጥል የደጋ ዛፍ) ያደረገኝ እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ጸደይ አረንጓዴ ለብሶ ሳየው ኮራሁ። በሁለተኛው ግማሽ ጎኑ ብቻ ነቃ፤ ሐምሌን አላለፈም። የተራራው ሄምሎክ የሚባለው ሌላው የደጋ ዛፍ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አልቆየልኝም።

ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ዛፎቹን ይለዩ። ላርች፣ ሄምሎክ፣ ባለ አምስት መርፌው የጃፓን ነጭ ፓይን ካለዎት እዚያው ደጋው ላይ ለሚወዳቸው ሰው ይስጡ ወይም ይሽጡ። የቻይና ኤልም፣ አብዛኛው የጥድ ዘር፣ ጥቁር ፓይን፣ ሮማን፣ ፋይከስ፣ ቡገንቪላ ይችሉታል። የጃፓን ሜፕል መሀል ላይ ነው፤ ይኖራል፣ ግን ቅጠሉ በየበጋው ዳር ዳሩ ይጠበሳል። ያንን ለማየት አንጀትዎ ከቻለ ይውሰዱት።

በበጋ መጓዝ

እኛ የሄድነው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሰኔ ነው። ለልጆች ጥሩ፣ ለዛፍ ክፉ ወር። ቅጠል የለበሰ ዛፍ ከቀዝቃዛው ሲያትል ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን 40 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለውም። ምርጫው ካለዎት በኅዳር መጨረሻ፣ ዛፉ ቅጠሉን ጥሎ ሲተኛ ይጓዙ። ተኝቶ ይሄዳል፣ እዚያው ይነቃል፣ አዲሱን ቅጠል የሚያወጣውም ለአዲሱ አየር ነው።

የዕቃ አጓጓዥ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት ያለው ተክል አይጭኑም፤ ስለዚህ የራስዎን መኪና ያስቡ። ዛፉን ከሳህኑ፣ ሳህኑን ከሣጥኑ ጋር በገመድ ይሰሩ፤ አፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ምሳ ሲበሉ መኪናውን ፀሐይ ላይ ዘግተው አይተዉ። መንገዱንም ይምረጡ። በካሊፎርኒያ በኩል ከወረዱ ሆርንብሩክ ላይ የእርሻ ፍተሻ ጣቢያ አለ፤ ተክል መያዝዎን ይጠየቃሉ። እኛ በአይዳሆ ዞረን በሀይዌይ 93 ነው የገባነው። ሲሄዱ ግን የሚገቡበት ስቴት የራሱ ሕግ እንዳለው አይርሱ፤ ለእርሻ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ መደወል አሥር ደቂቃ ነው። ቬጋስ ያለበት ክላርክ ካውንቲ ለምሳሌ በአበባ ብናኙ ሰበብ የአውሮፓ ወይራ መሸጥና መትከልን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። ወይራ ለሚወድ ሐበሻ መራራ ዜና ነው።

የብሎኬት አጥር ሥር ማስቀመጥ

ቬጋስ ውስጥ ጓሮ ሁሉ በብሎኬት የታጠረ ነው። እኔም ከነፋስ ይከልላቸዋል ብዬ ትንሿን ኤልም በምዕራብ አጥር ሥር አስቀመጥኳት። በአራተኛው ቀን ቅጠሏ በእጄ ስነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባበረ። ውሃ አጥታ መስሎኝ ነበር፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። የዚያን ዕለት ማታ አራት ሰዓት ላይ ወጥቼ አጥሩን በመዳፌ ነካሁት። ገና ትኩስ ነው። ኤልሟ ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በግድግዳ ስትጋገር ነው የሰነበተችው።

ቦንሳይ መሬት ውስጥ እንዳለ ዛፍ ሥሩን ወደ ጥልቅ አይልክም። ሥሩ በሙሉ ከአራት ጣት በማይበልጥ ሳህን ውስጥ ነው ያለው፤ ሳህኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ምጣድ በሉት። 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሥሩ ይጎዳል። ቬጋስ በሐምሌ 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. 48.9 ዲግሪ ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ ያ እንግዲህ ጥላ ውስጥ የተለካ የአየር ሙቀት ነው።

አሁን ዛፎቼ ያሉት በቤቱ ምሥራቅ በኩል፣ ከግድግዳ ርቆ በቆመ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነው። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ፀሐይ ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግማሹን ብርሃን የሚያስቀር የጥላ መረብ ተዘርግቶላቸዋል። ትንንሾቹን ሳህኖች አሸዋ በሞላ ትልቅ ሣጥን ውስጥ እስከ አፋቸው ቀብሬ አሸዋውን አረጥበዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በሙቀት የሞተ የለም።

ውሃ ሁሉ ውሃ መምሰሉ

መጀመሪያ ትንሹን ነገር ልናገር። ፀሐይ ላይ የዋለ የውሃ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ቆዳ ያቃጥላል። ከፍተው ቀዝቃዛው እስኪመጣ ወደ ሌላ ያፍስሱት፤ ከዚያ ወደ ዛፉ።

ትልቁ ነገር የውሃው ጠባይ ነው። የሲያትል ውሃ ከተራራ የሚወርድ፣ ለስላሳ ነው። የቬጋስ ውሃ በአብዛኛው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ከሌክ ሚድ ይመጣል፤ በሊትር 280 ሚሊግራም ገደማ የኖራ ዘር ማዕድን ይዟል። ይህን ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ባለቤቴ ናት፦ «የሻይ ማፍያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት አበጀ፤ ምን እየጠጣን ነው?» አለችኝ። እኔ ለልጆቹ የታሸገ ውሃ ገዛሁ፤ ለአዛሊያው ማሰቡ ግን አልመጣልኝም። አዛሊያ ኮምጣጣ አፈር የሚወድ ተክል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ራበው ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩለት። ማዳበሪያውም ጨው፣ ውሃውም ጨው። ሞተ።

ቅጠልዎ እንደዚያ ከሆነ ማዳበሪያውን ትተው ውሃውን ይጠርጥሩ። የተጣራ ውሃ በየሱፐርማርኬቱ ደጃፍ በጀሪካን ይቀዳል፤ ለአዛሊያና ለሜፕል ያ ይበቃል። ለሌሎቹ በወር አንዴ ሳህኑን ደጋግሞ በብዙ ውሃ አጥቦ የተጠራቀመውን ጨው ማስወጣት ነው። ቤትዎ ውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ካለ ግን ከእሱ የወጣውን ዛፍ እንዳያጠጡ፤ ኖራውን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ነው የሚያስገባው።

እንደ ደረሱ ሳህን መቀየር

ሲያትል በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ቬጋስ 100 ያህል። ስለዚህ የሲያትል አፈሬ ውሃ ቶሎ እንዲያሳልፍ ተብሎ የተሠራ፣ ጠጠረ ትልልቅ ነበር። እዚህ ጠዋት ያጠጣሁት ቀትር ላይ አቧራ ሆነ። ደነገጥኩና በደረስን በሳምንቱ ሜፕሉን ነቅዬ፣ ሥሩን ከርክሜ፣ አዲስ አፈር አለበስኩት። በመንገድ የደከመ ዛፍ፣ በሰኔ፣ ሥሩ ተቆርጦ! ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ማድረግ የነበረብኝ በቀን ሁለቴ ማጠጣትና የአፈሩን ፊት በሞስ መሸፈን ብቻ ነበር። ሳህን የሚቀየረው በቀጣዩ ዓመት፣ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር ነው። ያኔ ጠጠሩን አነስ ያድርጉት፤ ውሃ የሚይዘውን አካዳማ (የጃፓን ሸክላማ ጠጠር) እና ፓሚስ (ባለ ቀዳዳ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጨምረው ላቫ ሮኩን ይቀንሱ። ላቫ ሮክ የሚሉት ሌላ አይደለም፤ አገር ቤት መንገድ ላይ የሚነጠፈው ቀይ አሽ ነው።

በድሮው ካላንደር መሥራት

ቡቃያው ከሲያትሉ ሳምንታት ቀድሞ ይነቃል። እኔ መጋቢትን ስጠብቅ ሳህን መቀየሪያው ጊዜ አለፈኝ። ቅርጽ ለማስያዝ የሚጠመጠመው ሽቦም እንዲሁ፤ ግንዱ ቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይዩት። የጥቁር ፓይን ሻማ (በጸደይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው አዲስ ቡቃያ) መቁረጥ ግን በተቃራኒው ዘግየት ይላል፤ የእድገቱ ወቅት ረዥም ስለሆነ ቀድመው ከቆረጡ አዲሱ መርፌ እጅግ ይረዝማል።

«ሞቃት አገር ነው» ብሎ መዘናጋት

ፋይከሴ ሲያትል እያለ ከመስከረም እስከ ግንቦት ሳሎን ነበር የሚከርመው። ቬጋስ ስንገባ «አንተ እንኳ አገርህ ገባህ» ብዬ ውጭ አወጣሁት፤ በጋውንም በደስታ አሳለፈ። የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ በአማካይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጥቶ ሳላስገባው አደረ። ጠዋት ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ቅርንጫፉን በጥፍሬ ብጭረው ቡናማ፤ ዝቅ ብዬ ግንዱን ብጭረው እሱም ቡናማ። አሁን ከጓሮው በር አጠገብ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ። 7 ዲግሪ ካሳየ ሁለተኛው ፋይከስ ከነሳህኑ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ከምጣዱ ጎን ያድራል።