ባሕር ዳር ላለ ቤተሰብ ቲቪ ማስገዛት፦ ብሩን ከመላካችሁ በፊት

በዓል ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ባሕር ዳር ላለችው እናቴ ፍላት ቲቪ ልገዛላት ነው፤ ብዙ ብር የለኝም፤ የትኛው ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ማን ነው የሚገዛላችሁ? የቲቪው ምርጫ በአንድ ስልክ ያልቃል። የሚያስቸግረው ሰውየው ነው።

ቀላሉን አስቀድሜ ልጨርስ። ለተለመደ ሳሎን 43 ኢንች ይበቃል፣ ለጠባብ ክፍል 32። ብር ካጠረ 4ኬ (ከፉል ኤችዲ የጠራ ምስል) የሚለውን እርሱት፤ እናቶቻችን የሚያዩት ከዲሽ የሚወርደውን ነው፣ የኢትዮሳት ቻናሎች ደግሞ 4ኬ አይደሉም። ፉል ኤችዲ ይተርፋቸዋል። ይልቅ የዲሹን ገመድ ከጀርባው በቀጥታ የሚቀበል፣ ሪሲቨሩ ውስጡ ያለ ቲቪ ፈልጉ። ትልቁ ጥቅሙ ቤቱ ባንድ ሪሞት መገላገሉ ነው። ሁለት ሪሞት ባለበት ቤት እናት የማይነካውን ትነካና «ኖ ሲግናል» ይመጣል፤ ከዚያ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ቲቪው ሰማያዊ እንደሆነ ይውላል። «ስማርት» ለሚለው ጽሑፍም ዋይፋይ በሌለው ቤት ብዙ አትክፈሉ።

ከአሜሪካ ይዤ ልምጣ የሚል አለ። እዚያ ርካሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛው 220። ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ 100-240 ካላለ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የዲሽ መቀበያም አይኖረውም። ቀረጡንና መንገድ ላይ መሰበሩን ደምሩበት። ከመርካቶ አስገዝቶ በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ማስጫንም እንዲሁ ነው፤ በዋጋ ያተረፋችሁትን ጭነቱ ይበላዋል፣ ዕቃው ችግር ቢኖርበት ደግሞ ማን ተሸክሞ ይመልሰዋል? እዚያው ባሕር ዳር ይገዛ። የቤት ወይም የመሬት ጉዳይ ስላልሆነ ውክልና ምናምን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሰውየው።

የሚቀናን ለወንድም ወይም ለአክስት ልጅ ደውሎ ብሩን በስሙ መላክ ነው። ብሩን የሚያወጣው እሱ፣ የሚመርጠው እሱ፣ የሚከፍለው እሱ፣ የሚያመጣው እሱ፣ ፎቶ የሚልከውም እሱ ነው። ሁሉንም አንድ ሰው ሲይዘው፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ታማኝነቱ የሚታይበት ቀዳዳ የለም። ነገር የተበላሸ ቀን ንጹሕ ሰውም ራሱን ማውጣት ያቅተዋል።

በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ላለችው እናቴ 50 ኢንች እንዲገዛ ለአንድ የቅርብ ዘመድ ብር ተላከ። ፎቶ መጣ፤ ካርቶኑ ላይ 50 ተጽፏል፣ እናቴ አጠገቡ ቆማ ፈገግ ብላለች። ሁላችንም አመሰገንነው። ቆይቶ ከጎረቤት ልጅ ጋር በስልክ ስንጫወት «ጋሼ፣ ካርቶኑ ነው እንጂ ትልቅ፣ ቲቪው እኮ የእኛን ያክላል» አለኝ። የልብስ ሰፊ ሜትር ተፈልጎ ስክሪኑ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ተለካ። 109 ሴንቲ ሜትር። 50 ኢንች ቢሆን 127 መሆን ነበረበት። 109 ማለት 43 ኢንች ነው።

ዘመዳችን «እኔ ካርቶኑን አይቼ ነው የከፈልኩት፣ ለማሳየት ብለው ቀድመው ከፍተውት ነበር» አለ። ባለሱቁ «ከሱቅ የወጣ ዕቃ አንመልስም፣ ልጁ ራሱ መርጦ ነው የወሰደው» አለ። ደረሰኙ ሲታይ በእጅ የተጻፈ ነው፦ «ቲቪ — 1»። ሞዴል የለው፣ ኢንች የለው። ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሽማግሌ ገባ፣ ሁለቱም ማሉ። አክስቴ ለረጅም ጊዜ እናቴ ቤት ቡና ልትጠጣ አልመጣችም። አንድ ቲቪ ያበላሸውን ሌላ ቲቪ አይጠግነውም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን እናቴ ከመጀመሪያው ማወቋ ነው። ሲገባ አይታዋለች፣ ገብቷታል። ዝም ያለችው ያ ዘመዳችን ጤፏን ወፍጮ ቤት የሚያደርስላት፣ ሲያማት ሐኪም ቤት የሚወስዳት እሱ ስለሆነ ነው። እኔ በዓመት አንዴ ብመጣ ነው፤ እሱ በየቀኑ አለ። ከእሱ ጋር ከምትቀያየም ትንሹን ቲቪ ማየት መርጣለች። አይፈረድባትም።

ስለዚህ ስትደውሉ «እማዬ፣ ቲቪው ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ያምራል» ነው መልሱ፤ መሐል ለመሐል የተሰመረበት ቢሆንም መልሱ ያው ነው። ልጆች ጠይቁ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የስክሪኑን ጭረት፣ የድምፁን መቆራረጥ፣ የሪሞቱን ክዳን መጥፋት ሳይቀር ይዘረዝርላችኋል። ይሉኝታ ገና አልያዘውም።

ስለ ዘመድም አንድ ነገር ልበል፤ የሚቆጣ ይቆጣ። ብዙዎቹ ሌባ አይደሉም። እናንተ ግን የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ትወስዳላችሁ፤ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ የባጃጅ ይከፍላል፣ ካርድ ሞልቶ ይደውላል፣ ሥራውን ትቶ ይውላል። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ያልከፈላችሁትን የድካም ዋጋ እሱ ከቲቪው ላይ ይቆርጠዋል፤ በልቡ ሰረቅሁ ሳይሆን ተካካስን ይላል። ደላላ ወይም ባለሱቅ «ለአንተም የሻይ አለህ» ሲለው ደግሞ ለመቀበል ሰበብ አለው። የድካሙን አስቀድማችሁ፣ ስሙን ጠርታችሁ፣ ለብቻው ላኩ። «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ የቲቪው ነው» በሉ። ይህን ማለት ዘመድን የሚያዋርድ የሚመስለው ሰው ዝም ብሎ መቆረጡን መርጧል ማለት ነው።

ብሩ በእናታችሁ ሒሳብ ይግባ፤ መራጩ ሌላ ሰው ይሁን። ሁለቱም አንድ ላይ ሱቅ ይሂዱ። ቲቪው በርቶ፣ ተለክቶ፣ ደረሰኙ ተጽፎ ሲያልቅ ከእሷ ሒሳብ ወደ ሱቁ ሒሳብ ይተላለፍ፤ የሒሳቡ ስም ደረሰኙ ላይ ካለው የነጋዴ ስም ጋር ካልገጠመ ይቁም። እናት መውጣት ካልቻለች አብሮ የሚሄደው ከመራጩ ጋር ዝምድናም ጓደኝነትም የሌለው ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የዕድሯ ሰው ወይም ጡረታ የወጣ መምህር ጎረቤት። «የማውቀው ሱቅ አለ፣ ይቀንስልናል» የሚል ዘመድ ካለ፣ ያንን ሱቅ ብቻ ዝለሉት። ዋጋ ሲጠየቅም የእናንተ ስም አይነሳ። ውጭ ያለ ልጅ ነው የሚከፍለው ሲባል ዋጋው ዐይናችሁ እያየ ይነሳል። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ አምና የሰማችሁት ዋጋ አይሠራም፤ በዚያው ሳምንት ከሦስት ሱቅ ይጠየቅ።

ባለሱቁ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላል። ያለ ደረሰኝ የሚቀነሰው ብር ያጓጓል። እኔ በደረሰኝ እላለሁ፤ የግብር ከፋይ ቁጥርና 15 በመቶ ቫት ያለበት፣ ከማሽን የወጣ። ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ባይወጣ በዋስትናው ወረቀት ላይ ተጽፎ ማኅተም ይመታበት።

ቪዲዮ ካለ በቪዲዮ እዩ። ግን ተስፋ አትጣሉበት፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የነበረን የስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። በድምፅም ብዙ ይሠራል። ከጀርባው የተለጠፈውን ሞዴል ፊደል በፊደል ያንብቡላችሁ፤ በታወቁት ብራንዶች ሞዴሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ 43 ወይም 50 የሚል ቁጥር አለ። እዚያው ሆናችሁ ፈልጉት። ፊቱ ላይ ሳምሰንግ ተለጥፎ ሲበራ የሌላ ስም ወይም ባዶ አንድሮይድ የሚያሳይ ከሆነ ይቅር። ፍላሽ ላይ አንድ ሙሉ ነጭ፣ አንድ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ጭነው ይሂዱ፤ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ በርቶ ይቆይ። መስመር፣ ጥቁር ነጥብ፣ ጥግ ላይ የደበዘዘ ብርሃን ያኔ ይታያል። የውስጥ መብራቱ ቢበላሽ ጠጋኝ ይሠራዋል፤ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ግን አዲስ መግዛት ይቀላል።

መንገዱም አለ። ባጃጅ ውስጥ አልገባ ሲል አስተኝተው፣ ላዩ ላይ ዘንቢል ደርበው ኮብልስቶን ላይ ያንገጫግጩታል። ቲቪ በቁሙ ነው የሚሄደው፣ ሰው ደግፎት።

ከበጀቱ የስታብላይዘር ብር አስቀድማችሁ ቀንሱ። ስታብላይዘር ከሌለው 50 ኢንች ይልቅ 43 ከስታብላይዘር ጋር ይሻለኛል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀል፤ ሲመጣ ጥቂት ቆይቶ ይሰካ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲያጓራ የዲሹም ገመድ ይነቀል፤ ሶኬት ብቻ ነቅለው የዲሹን የሚተዉ ብዙ ናቸው።

አሮጌው ቲቪ ለማን እንደሚሄድ አዲሱ ቤት ሳይገባ ለሁሉም ባንድ ቀን ተናገሩ። «እማዬ ትወስን» ካላችሁ እሷ አትወስንም፤ መጀመሪያ የጠየቃት ይወስደዋል፣ ሌላው ይኮርፋል። ዓባይ ማዶ ላለችው እህታችሁ ከሆነ ለእሷ፣ ለዘጌው አጎት ከሆነ ለእሱ በሉ፤ ሪሲቨሩ አብሮ ይሄድ እንደሆነም ጨምራችሁ።