የዱቄት ወተት ወይስ የተዘጋጀው?

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ፣ ጡት ሳይበቃ ቀርቶ ፎርሙላ (የሕፃን ወተት) ለምትገዙ እናቶች። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋባችሁ ከሆነ የዱቄቱን ምረጡ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ፈሳሹ ውድ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ያለ ፍሪጅ አይሆንም። ዱቄቱ ክዳኑ በደንብ ተገጥሞ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ፣ ተከፍቶም አንድ ወር ያህል ይቆያል።

ግን አደራ! ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ለብ ባለ ውሃ አትበጥብጡት። ውሃውን አፍሉት፤ ከወረደ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ገና ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በጥብጡበት። ትኩስነቱ ነው ጀርሙን የሚገድለው። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ። መለኪያ ማንኪያውን አፉ ላይ እኩል አድርጉት፤ እንዲበረክት ብላችሁ አታቅጥኑት፣ ልጁ ይጎዳል። ለማብረድ፣ ቧንቧ ከሌለ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙት፤ ከዚያ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን እዩ። ጠጥቶ የተረፈውን ድፉት፣ ያሳዝናል ግን ድፉት።

ያለጊዜው ለተወለደ ወይም 2 ወር ላልሞላው ጨቅላ ግን ፈሳሹ ከተገኘ ይሻላል፤ እሱ ሳይከፈት ከጀርም የጸዳ ነው። ሐኪማችሁን ጠይቁና በትንንሽ እሽግ ያለውን ግዙ፤ ለፍሪጅ የሚተርፍ አይኖርም።