በትንሽ የፖላንድ ባህላዊ ምግብ ቤት ሲስተናገዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክራኮቭ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ባላት አንዲት ባህላዊ ምግብ ቤት ለአራት ዓመታት በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለጉብኝት የመጡ ብዙ ወገኖቼን አስተናግጃለሁ፤ አብዛኞቹ የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነበር፤ እርሱም የአሳማ ጉዳይ ነው።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ እንደማይበላ ይነግረኛል፤ ከዚያም በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የሚጠበሰውን የአሳማ ሥጋ ስሃቦቪ እና ጎሎንካ የተባለውን የአሳማ ቅልጥም ከምግብ ዝርዝሩ ላይ ለይቶ ካለፈ በኋላ፣ የቀረው ሁሉ ንጹሕ እንደሆነ አምኖ ይረጋጋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በፖላንድ ወጥ ቤት አሳማ ሥጋ ብቻ ሳይሆን፣ በእኛ ቤት ቅቤ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ማጣፈጫም ነው። ገና ምግብ ሳይታዘዝ ከዳቦ ጋር በትንሽ የሸክላ ዕቃ የሚቀርበው ነጭ ነገር ቅቤ ሳይሆን ስማሌጽ፣ ማለትም የቀለጠ የአሳማ ስብ ነው። የአተር ሾርባው በተጨሰ ሥጋ ይቀቀላል፤ ቢጎስ የተባለው የጎመን ወጥም ሥጋና ቋሊማ አያጣውም። ፒዬሮጊ የተባለው፣ ድንችና አይብ ተሞልቶ የሚቀቀል የሊጥ ጥቅል በውስጡ ሥጋ ባይኖረውም፣ ብዙ ጊዜ ከላዩ ላይ ስክቫርኪ ይነሰነስበታል፤ ይህም እስኪደርቅ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ፍርፋሪ ነው።

አንድ ቀን አንድ የተከበሩ አዛውንት ስክቫርኪው የተጠበሰ ሽንኩርት መስሏቸው ግማሹን ሰሃን ካጋመሱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ስነግራቸው ሹካቸውን በቀስታ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰው በዝቶብኝ ስለነበር ስክቫርኪው እንዲቀር ለወጥ ቤቷ ሳልነግር ቀርቻለሁ።

በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከየምግቡ ጎን በሚታዩት ቁጥሮች የሚተማመኑም አሉ። እነዚያ ቁጥሮች የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲገለጹ ያዘዛቸውን 14 የአለርጂ መንስኤዎች የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ወተትና እንቁላል ከእነርሱ መካከል ቢኖሩም አሳማ የለበትም። ስለዚህ «ቤዝ ቪዬፕሾቪኒ»፣ ማለትም «ያለ አሳማ ሥጋ» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ቤዝ ስማልጹ፣ ቤዝ ስክቫሬክ» ብሎ መጨመርና ምግቡ የሚጠበሰው በምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በትንሽ ምግብ ቤት አብሳይዋ ከመጋረጃው ጀርባ ስለሆነች መልሱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ለመጠየቅ የሚያፍሩ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ያስገርሙኛል።

«ጾም ላይ ነኝ» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ካቶሊኩ የፖላንድ ሰው ዓርብ ዕለት ሥጋ ቢተውም ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ስለሚበላ፣ ጾም ሲባል ደስ ብሎት አይብ ያለበት ፒዬሮጊ ያመጣል። ይልቁንስ «ቬጋንስኪዬ»፣ ማለትም «ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት» ይበሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጎመንና እንጉዳይ የተሞላው ፒዬሮጊ ነው፤ ሊጡ እንቁላል እንደሌለበት ያረጋግጡና ከላዩ በቅቤ ፈንታ ዘይት እንዲደረግ ይጠይቁ።

ዡሬክ የተባለውን ሾርባ «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱ ደግሞ ያሳዝኑኛል። ራይ ከተባለው እህል ዱቄት ተቦክቶ ለቀናት እንዲኮመጥጥ ከተተወ ውሃ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሽታው ከእናቶቻችን የቡኮ ዕቃ እምብዛም አይርቅም። ነጭ የአሳማ ቋሊማ ስለሚገባበት ግን አሳማ ለማይበላ ሰው አይሆንም።

ዋጋው በ100 ግራም የተጻፈ ምግብን ሳያስተውሉ ማዘዝ ኪስ ይጎዳል። ዓሣና ጎሎንካ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በዚህ መንገድ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ 15 ዝሎቲ (ዝሎቲ የፖላንድ ገንዘብ ነው) የሚለውን አይቶ 400 ግራም የሚመዝን ዓሣ ያዘዘ ሰው የሚከፍለው 60 ዝሎቲ ነው። ዓሣው ከመጠበሱ በፊት ክብደቱን ይጠይቁ።

ቀጥሎ የምነግርዎትን እኔው ራሴ ፈጽሜዋለሁ። ፖላንድ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ 58 ዝሎቲ ለሆነ ሒሳብ የ100 ዝሎቲ ኖት ለአስተናጋጇ ሰጥቼ፣ በአገር ቤት ጨዋነት «ጀንኩዬ»፣ ማለትም «አመሰግናለሁ» አልኋት። እርሷም በደስታ አመስግናኝ ሄደች። መልሴን ይዛ ትመጣለች ብዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ጠበቅሁ። ገንዘብ እየሰጡ «ጀንኩዬ» ማለት በዚያ አገር «መልሱን ያዢው» ማለት መሆኑን የተረዳሁት፣ 42 ዝሎቲዬ ከሄደ በኋላ ነው። መልስዎን ከፈለጉ «ፕሮሼ»፣ ማለትም «እባክዎ» ብለው ይስጡና ምስጋናውን መልሱ ሲመጣ ያድርሱ፤ ለጉርሻ አሥር በመቶ ያህል መተው በቂ ነው።

አስተናጋጅ ለመጥራት አያጨብጭቡ። በአገር ቤት የተለመደ ቢሆንም፣ በዚያ ግን እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ ዓይን ለዓይን እስኪተያዩ ጠብቀው እጅዎን በትንሹ ከፍ ያድርጉ፤ ሲያናግሩም አማርኛው «እርስዎ» እንደሚለው ሴቷን «ፓኒ»፣ ወንዱን «ፓን» ይበሉ። ወጥ ቤቱ ምግብ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ሥራ እንደሚያቆምም አይርሱ።

በመጨረሻም የታታር ነገር አለ። ታታር በደቃቁ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ ከጥሬ አስኳል፣ ከሽንኩርትና ከኮመጠጠ ኪያር ጋር ይቀርባል፤ ወገኖቼ ሲያዩት ክትፎ አገኘን ብለው ፊታቸው ይበራል። እስከዚህ ድረስ ስህተት የለም። አንድ ወጣት ግን «ለብለብ ይደረግልኝ» አለኝ፤ እኔም የተባልሁትን ለወጥ ቤቷ አስተላለፍሁ። አብሳይዋ ቢላዋዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝና፣ «የበሰለ ከፈለገ ታታር ለምን አዘዘ?» አለችኝ። ጥሬውን እንደነበረ ይዤለት ሄድሁ፤ ከካፖርቴ ኪስ ያወጣኋትን አንዲት ጥቅልል ሚጥሚጣም ከሰሃኑ ጎን አስቀመጥሁለት።